ራምቦ በራያ ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የሠራቻቸው የፋይት ፊልሞች የራያዋን ቆቦና አካባቢዋን የረገጡት በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ነው። ይህ መዘግየት ሊባል አይችልም፤ እንዲያውም ቀጠሮ አክብሮ መገኘት ነው። በፈረንጆቹ 1985 የወጣው «ኮማንዶ» ደርግ ወድቆ በየከተማው ቪዲዮ ቤት በተከፈተበት ዘመን፣ በ1985 ዓ.ም. ቢታይ ፈረንጁም ሐበሻውም በአንድ ዓመት አዩት ማለት ነው። ልዩነቱ ካሴቱ ላይ ነው። የሎስ አንጀለስ ሰው ዋናውን ሲያይ፣ ቆላ ያለው ተመልካች የሚደርሰው የቅጂ ቅጂ ነው፤ በሦስተኛው ቅጂ ላይ አርኖልድ ሽዋዚንገርና ጠላቶቹ በመልክ አንድ ይሆናሉ፤ መለያው ጡንቻ ብቻ ይሆናል።

ቪዲዮ ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ነው። መስኮቱ ተከርችሟል፤ አንድም ብርሃን እንዳይገባ፣ አንድም ሳይከፍሉ የሚያጮልቁ ልጆች እንዳይኖሩ። የራያ ቆላ ሙቀት ከደጅ፣ የተመልካቹ ትንፋሽ ከውስጥ ሆነው ጠባብ አግዳሚ ላይ የተደረደረውን ሰው ይቀቅሉታል። ልክ የፋይት ተዋናዩ ቫንዳም እግሩን ሲያነሣ ምስሉ ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ባለቤቱ የቪዲዮ ማጫወቻውን፣ ዴኩን፣ ከፍቶ የካሴት ማንበቢያውን በወረቀት ይጠርጋል፤ ከኋላ ፉጨት ይቀልጣል፤ ፊልሙ ሲመለስ ቫንዳም እግሩን አውርዶ ቆይቷል፣ ተመቺው መሬት ላይ ነው። የዚያ ዘመን ተመልካች ብዙውን ምት በግምት ነው ያየው።

ይህ ተመልካች ግን ቀላል ሃያሲ አልነበረም። ራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል ነባር የሽምግልና ሥርዓት ያለው፣ ጠመንጃንም ከፊልም በፊት የሚያውቅ አገር ነው። ሰው ሲሞት የሚጠየቀው የገዳዩ ጉብዝና አይደለም፤ ጠቡ ከምን ተነሣ፣ ደሙ በማን ላይ ነው፣ ማንስ ገብቶ ያስታርቅ የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሆሊውድ ፊልም ሁሉ እኩል አይከብድም።

ከባዱ በፈረንጆቹ 1982 የወጣው፣ ሲልቬስተር ስታሎን የሠራበት የመጀመሪያው ራምቦ ነው። ጆን ራምቦ የቬትናም የጦር ጓደኛውን ፍለጋ በእግሩ ሲመጣ ሰውየው በካንሰር መሞቱን ይሰማል። እንግዲህ መርዶ ሰምቶ የሚሄድ ሰው ነው። ወደሚቀጥለው ከተማ ሲዘልቅ የፖሊሱ ሹም መኪና ውስጥ አስገብቶ ከከተማ ያስወጣዋል፤ የሚበላበት ቦታ ቢጠይቀው 30 ማይል ወደፊት ምግብ ቤት አለ ይለዋል። 30 ማይል 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቆቦ ወልድያ ያለው መንገድም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። መርዶ የሰማን እንግዳ ቆቦ ላይ አስነሥቶ «ወልድያ ሂድና ብላ» ያለ ሹም ከዚያ በኋላ ምን ቢደርስበት የሚያዝንለት የለም። ፊልሙ ገና ሳይሟሟቅ ፍርዱ አልቋል።

ቀጥሎ የሚያስደንቀው የሟቹ ቁጥር ነው። በዚህ ፊልም የሚሞተው አንድ ፖሊስ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከሄሊኮፕተር ሆኖ ራምቦ ላይ ሲያነጣጥር የነበረ ነው። ራምቦ መሣሪያ ስለሌለው ድንጋይ ይወረውራል፣ ሄሊኮፕተሩ ይዋልላል፣ ሰውየው ይወድቃል። ማሽላ ጥበቃ ማማ ላይ ወንጭፍ ሲያጮኽ ያደገ ልጅ ይህን ትዕይንት እንደ ባለሙያ ነው የሚያየው፤ ውርወራው ያለ ወንጭፍ መሆኑን ልብ ብሎ ለጎረቤቱ ያስረዳል። በመጨረሻ የቀድሞ አለቃው ኮሎኔል ትራውትማን መካከል ገብቶ ያናግረዋል፤ ራምቦ አልቅሶ እጁን ይሰጣል። ጠብ፣ አንድ ደም፣ ሽማግሌ፣ ዕርቅ። ከዚህ በላይ የራያ ፊልም አሜሪካ አልሠራችም።

«ኮማንዶ» ጥሩ ጠብ ይዞ ይነሣል፤ ልጁን የሰረቁበት አባት ምንም ቢያደርግ ያምርበታል። የሚያስወቅሰው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥይት ነው። የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል፤ አንዷ ጥይት የምትገዛበትን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ሽዋዚንገር ሳያጎርስ ከ70 በላይ ሰው ሲያረግፍ ሲያይ፣ ከሟቾቹ ይልቅ ወጪው ያስደነግጠዋል። ሁለተኛው ቃል ነው። ጀግናው አንዱን ጠላት «አንተን በመጨረሻ ነው የምገድልህ» ብሎ ቃል ይገባና ገና በጊዜ ከገደል አፋፍ ይለቀዋል፤ «ዋሽቼ ነው» ይላል። አዳራሹ ይስቃል፤ አዛውንት ቢገኙበት ግን አይስቁም። ቃሉን ያጠፈ ሰው ነገ ዕርቅ ላይ ማን ያምነዋል? ደግሞ ይህን ሁሉ ሲሠራ አንድ አጎት፣ አንድ የአክስት ልጅ አብሮት አለመሰለፉ ሌላ ጥርጣሬ ነው።

በ1984 የወጣው «ተርሚኔተር» የተጣለው በሌላ ምክንያት ነው። በቪዲዮ ቤት ሕግ አክተር፣ ማለትም ዋናው ጀግና፣ አይሞትም፤ ገንዘብ የሚከፈለውም በዚያ እምነት ነው። እዚህ ግን አክተር የተባለው ሽዋዚንገር ገዳዩ ማሽን ሆኖ መጥቶ በመጨረሻ በብረት መጭመቂያ ይፈጫል። ከወደፊቱ፣ ከ2029 ድረስ ደም ሳይኖርበት ሰው ሊገድል መምጣቱ ሳያንስ! በ1991 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ጥፋቱን ክሶ በጎ ሆኖ ተመልሷል፤ የክፍል አንዱን ቅያሜ ግን ሙሉ በሙሉ አላሻረውም።

በ1988 የወጣው «ዳይ ሃርድ» ከባልና ሚስት ነገር ይጀምራል። ፖሊሱ ጆን ማክሌን ከኒው ዮርክ ሎስ አንጀለስ ድረስ መጥቶ፣ ሚስቱ በመሥሪያ ቤቷ በአባቷ ቤት ስም መጠራቷን ሲያይ ይቆጣል። እዚህ ላይ ተመልካቹ ሰውየውን ይለየዋል። የኢትዮጵያ ሴት አግብታም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ በምን ትጠራ? ከዚያ በባዶ እግሩ መስታወት ሲረግጥ ግን ሁሉ ነገር ይቅር ይባላል። ቁስሉ የእውነት ነው፣ ያነክሳል፣ ያቃስታል። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ጀግኖች ሲመታ የሚያመው እሱ ብቻ ይመስላል።

«ራምቦ ሦስት»ም የ1988 ነው፤ አፍጋኒስታን ውስጥ ታንክና የሶቪየት ሄሊኮፕተር ፊት ለፊት ይጋጫሉ፣ የታንኩ ነጂ ራምቦም በሕይወት ይወጣል። በሰሜን ወሎ መንገድ ዳር ዝጎ የቀረ ታንክ ላይ ወጥቶ የተጫወተ ልጅ ይህን ለማመን ይቸገራል። በመጀመሪያው ፊልም አንድ ሰው ገድሎ ያለቀሰውን ሰውዬ ሦስተኛው የእልቂት ነጋዴ አድርጎታል።

በዚያው ዓመት የወጣው የኤዲ መርፊ «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ፋይት እምብዛም ስለሌለው በቪዲዮ ቤት ብዙ አልተከበረም፤ ዛሬ የሚገባው ግን ለራያ ነው። ከዚህ ቆላ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሻገር ወጣት ብዙ ነው፤ እዚያ ወለል እየወለወለ ከሰው መኪና አጠገብ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ ወደ አገር ቤት ይልካል። ልዑል አኪም ግን የንጉሥ ልጅነቱን ደብቆ ኒው ዮርክ ወለል ይወለውላል። ንጉሡ አባቱ ጉዳዩን በገንዘብ ሊቋጭ ለልጅቱ አባት ሚሊዮን ዶላር ሲያቀርብ፣ ከሁለት ሚሊዮንም በኋላ እምቢ ይባላል። ስለ ክብር ከተሠራ የዚያ ዘመን ኮሜዲ ይህ ይበልጣል።

ፍርዱ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ አንደኛ የመጀመሪያው ራምቦ፣ ሁለተኛ «ዳይ ሃርድ»፣ ሦስተኛ ኤዲ መርፊ። ቫንዳም ተወዳጅ ነው፣ ከእግሩ በቀር ግን ዳኝነት ላይ የሚቀርብ ነገር የለውም። «ኮማንዶ»ን በልጅነቱ ያየ ሰው ይህን ደረጃ አይቀበልም፤ አይፈረድበትም። እንደገና ካየው ግን ጥይቱን አይቁጠር።