ቅሬታ ያላችሁ ደውሉ
የከተማችን ማኅበረሰብ ሬዲዮ ለአካባቢው ጉዳይ የሚሰጠው ትኩረት ያስቀናል። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለትርፍ አይሁን ይላል፤ የእኛው ለስብሰባ ነው የቆመው። ጠዋት የከንቲባው የመክፈቻ ንግግር፣ ከሰዓት የመዝጊያው። ማታ ደግሞ የአርሰናል ተከላካይ ጉልበት ለአንድ ሰዓት ይተነተናል። ወደ ገበያ የሚያሻግረን ድልድይ ከክረምት ጀምሮ ተሰብሯል፤ ሊጉ ውስጥ ስለሌለ ግን አይነሳም።

ከሁሉ የማደንቀው የቅሬታ ሰዓቱን ነው። ባለፈው የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቀረቡ። ጠያቂው የራሳቸው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ስለሆነ ማንም አልተደናገጠም። ውሃ የሚጠፋው መብራት ሲሄድ ፓምፑ ስለሚቆም መሆኑን በሰፊው አብራሩ። ከዚያ «ቅሬታ ያላችሁ ደውሉ» ተባለ። መብራት ሄደ። (ጣቢያው ጄኔሬተር አለው፤ ነዳጁን የኃላፊው መኪና ተበድሮታል።) ጀሪካኑን ደርድሮ ቦኖው ጋ የተሰለፈው ሕዝብ ግብዣውን አልሰማም። ሰዓቱ እስኪያልቅ አንድም ሰው አልደወለም።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ዜናው ተነበበ፦ ነዋሪዎች በውሃ አገልግሎቱ መርካታቸውን ገለጹ።