ስንት ግራም ናት?

የአክስቴ ልጅ ጌጣጌጥ ትሠራለች። ትሸጣለች አላልኩም፤ እሱ ላይ ገና ነች። የምትሠራው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሌላው ሰው ቡፌ በሚያቆምበት ጥግ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጋዝ መበየጃ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ ከሕፃን ጡጫ የማትበልጥ መዶሻ፤ ሙሉ ፋብሪካዋ ይኸው ነው። ጎረቤቶቿ በመዶሻዋ ድምፅ ምክንያት ለብሎኩ ኮሚቴ ከሰዋታል። ከከሳሾቹ አንዷ ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ቡና በሙቀጫ የሚወቅጡ እናት ናቸው። ሙቀጫ ባህል ነው፤ መዶሻ ረብሻ።

ሥራ ስፈታ፣ ብዙ ጊዜም እፈታለሁ፣ እዚያ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ደንበኞቿን እታዘባለሁ። እሷን ማየት ያደክማል። አንድ ጥንድ ጉትቻ እንዴት እንደሚወለድ ልንገራችሁና ፍረዱ።

መጀመሪያ የብሩን ዘንግ፣ ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ በሚሄዱ ወፍራም ብረት ውስጥ እያሾለከች ትስበዋለች። ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡ ወደ ባሰው፣ የልብስ ስፌት ክር እስኪያክል ድረስ። እንዲህ ያሉ ሁለት ክሮች ትገምዳለች፣ ትደፈጥጣለች፣ ከዚያ በጉጠት ጫፍ እያንዳንዷን ቁራጭ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ታጠቀልላለች። ጥቅልሎቹን በአንዲት የአተር ቅጠል በምታክል ክፈፍ ውስጥ ትደረድራቸዋለች። የብየዳ ዱቄትና ቦራክስ ትነሰንስባቸዋለች። ቀጥሎ እሳት። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የብየዳ ዱቄቱ ደግሞ ትንሽ ቀደም ይላል። በ“ትንሽ ቀደም”ና በ“ቀለጠ” መካከል ያለችው ቅጽበት ናት የሙያዋ ሁሉ መኖሪያ። በዚያች ቅጽበት በር ቢንኳኳ ወይም አጠገቧ ያለ ሰው ቢያስነጥስ የሦስት ቀን ሥራ ሽንብራ ሆኖ ይንከባለላል። አንድ ጊዜ አስነጥሻለሁ። ሽንብራዋን እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣ፣ አልፎ አልፎ አውጥታ ታሳየኛለች።

ጥንዷ ስታልቅ 4 ግራም ትመዝናለች።

ደንበኛ ትመጣለች። መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ “ውይ! ውይ ስታምር! በእጅሽ ነው የሠራሽው? እጅሽ ይባረክ!” ትላለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ስንት ግራም ናት?”

“አራት።”

“አራት?” ጉትቻዋ ወዲያው አመዳም ትሆናለች። “ታዲያ ምኑ ነው ይህን ያህል ብር?”

እኛ ጌጥ የምንገዛው እንደ ሥጋ ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተን የመጀመሪያው ጥያቄያችን “የዛሬ ግራም ስንት ገባ?” ነው። ሚዛኑ ላይ ዓይናችንን ተክለን እንጠብቃለን። ሒሳቡ ሲነገረን “የእጅ ዋጋ” የምትባል ትንሽ መስመር ትከተላለች፤ እኛም እሷን እንደ አልተጠራ እንግዳ እናያትና “እሺ የእጁን እንኳ ተወኝ” እንላለን። ልብ በሉ፤ ወርቁን ተወኝ የሚል የለም። ወፍራም አምባር ቀጥቃጩ በግማሽ ቀን 30 ግራም ያስረክባል። የአክስቴ ልጅ ሦስት ቀን ዓይኗን አፍስሳ 4 ግራም ታወጣለች። በእኛ ስሌት እጇ በረቀቀ ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል፤ ትንሽ ብትራቀቅ ደግሞ እሷ ራሷ ጨምራ ልትሰጠን ነው።

በእርግጥ አልፈርድም። ወርቅ ለብዙ ቤት አንገት ላይ የሚታሰር ባንክ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ሚዛኑ እንጂ ውበቱ አይጠየቅም። ግን የብር ጉትቻ ለክፉ ቀን የሸጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ልማድ ሆኖብን ነው የምንመዝነው።

ቋንቋችንም አልረዳትም። ማዕድኑም ብር፣ ገንዘቡም ብር። በሐምሌ 2016 የገንዘቡ ዋጋ በገበያ ይወሰን የተባለ ሰሞን “ብር ወደቀ” ሲባል የሰማች አንዲት ደንበኛ ደውላ፣ “እንግዲህ ረከሰልሽ አይደል? አሁን ስንት ታደርጊልኛለሽ?” አለቻት። አንደኛው ብር ሲወድቅ ሌላኛው መወደዱን ለማስረዳት የሃያ ደቂቃ ካርድ ጨረሰች። ሴትየዋ በመጨረሻ፣ “እሺ፣ የወደቀውን ስጪኝ” አለች።

“የእጅ ሥራ ነው የምወደው” የሚሉ ደግሞ አሉ። ከስልካቸው አንድ ፎቶ ያወጡና “ልክ እንደዚህ፣ ሳይበዛ ሳይጎድል” ብለው ያዛሉ። ፎቶው ውስጥ ያለው ጌጥ በማሽን የታተመ ነው። ሠርታ ስትሰጣቸው ሁለቱን ጉትቻ ጎን ለጎን ይዘው፣ “ይቺኛዋ በጣም በትንሹ ትበልጣለች” ይላሉ። እውነት ነው፣ ትበልጣለች። እጅ ነዋ የሠራት። ታኮርፍባቸዋለች ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ስቃ ትቀበልና ትልቋን ትንሽ ትሞርዳለች። በማግስቱ ትንሿ የነበረችው በልጣ ትገኛለች።

ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ በየክረምቱ የሚመጡት ዘመዶቻችን ሌላ ምዕራፍ ናቸው። የከተማቸው ስም ሲተረጎም “የብር ምንጭ” ነው፤ ብር ሊከራከሩ ግን እዚህ ድረስ ይመጣሉ።

ኦፓል የሚባለው ድንጋይ ላይ ያየሁትን ግን አልረሳውም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ ወሎ፣ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ጠባዩ ልዩ ነው፤ ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ይሆናል፣ ሲደርቅ ደግሞ ያ ሁሉ አረንጓዴና ብርቱካናማ እሳት ይመለሳል። የአክስቴ ልጅ ይህን ለአንዲት የኦፓል ቀለበት ገዢ ሁለት ጊዜ ነገረቻት። ገዢዋ ሁለት ጊዜ “እሺ” አለች። በሳምንቱ ቀለበቷን እንዳጠለቀች የድግስ ዕቃ አጥባ መጣችና፣ “የሸጥሽልኝ ድንጋይ ሞተ” አለች። ድንጋዩ አራት ቀን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ደረቀና ቀለሙ እንደ ድሮው ሆነ። ሴትየዋ ስትረከበው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ “ይኼ ግን የኔ አይደለም። የኔው ሞቷል። ለወጥሽው አይደል? አይ፣ ቅን ልጅ ነሽ” አለች። የአክስቴ ልጅ ያልለወጠችውን ድንጋይ በመለወጧ ተመሰገነች።

እናቷ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ለሁለት ዓመት ያህል ሰው ሲጠይቃት “ልጄ ኮምፒዩተር ነገር ላይ ናት” ትል ነበር። እሷ ባደገችበት አገር አንጥረኛና ቀጥቃጭ “ቡዳ” እየተባለ ይሸሻል፣ የሠራውን መስቀል ግን አንገት ላይ ያስሩታል። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ አክስቴ ቤት የደረሰው “ዲዛይነር” የሚለው ቃል ሲመጣ ነው። አሁን “ልጄ ጁለሪ ዲዛይነር ናት” ትላለች፣ ሳትጠየቅ።

ባለፈው ወር በሩ ተንኳኳ። የሙቀጫዋ እናት ናቸው። ለክሱ መስሎኝ ተነሣሁ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ማርትሬዛ የምትባለዋን የድሮ የብር ገንዘብ አወጡ፤ የአያታቸው ድሪ ላይ የነበረች። ላይዋ ላይ ያለችው ደልደል ያለች ንግሥት ፊቷ ሊጠፋ ምንም አልቀራት፤ 1780 የሚለው ዓመት ግን ይነበባል። ከዚያ ወዲህ መቼም ትመታ መቼ የሁሉም ዓመት ያው ነው።

“ለልጅ ልጄ ሠርግ ጉትቻ አድርጊልኝ።”

“እማማ፣ ቅርስ እኮ ናት። እንዳለች ሰንሰለት ላድርግላት?”

“ቅርስስ ልጅቷ ጆሮ ላይ ሲውል አይደል እንዴ። ስታቀልጪ ግን ቁጭ ብዬ ነው የማየው።”

ተመዘነች፤ 28 ግራም። ሦስት ቀን ሙሉ እየመጡ በርጩማዬን ወረሱኝ። የመጡት ብራቸውን ሊጠብቁ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዓይናቸው ከብሩ አልተነቀለም። በሁለተኛው ቀን እጇ ላይ ነበር። በሦስተኛው፣ እሳቱ ሲቀርብ፣ ትንፋሻቸው እንዳይረብሻት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔንም በዓይናቸው ገሠጹኝ፤ የማስነጠሴ ወሬ ደርሷቸዋል።

ጉትቻው አለቀና ሚዛን ላይ ወጣ፤ 6 ግራም። የተረፈው እንክብል ብር 21። እማማ በጣታቸው ደመሩ።

“አንዷስ?”

የአክስቴ ልጅ ጭኗ ላይ ያነጠፈችውን ቆዳ በቀስታ አራገፈች። የሞረዱን ብናኝ በትንሽ ብሩሽ ሰብስባ በወረቀት ጠቀለለችላቸው። እማማ ወረቀቱን ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት፤ ሁለት ጊዜ።

“ሒሳቡ ስንት ነው ታዲያ?”

ነገረቻቸው። ዝም አሉ። “ብሩ የራሴ፣ ጥበቃው የራሴ…” አሉና የቋጠሮውን ሌላ ጫፍ ፈትተው ግማሹን ቆጥረው አስቀመጡ። “እጅሽን ቁርጥማት አይንካው ልጄ፤ የእጁን ተዪኝ።”

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። “ያን የመዶሻውን ነገር ደግሞ ለኮሚቴው ትቼዋለሁ ብያለሁ። እንዳሻሽ ቀጥቅጪ።”

የአክስቴ ልጅ የሒሳብ ደብተሯን ገለጠች። “የእጅ ዋጋ” በሚለው አምድ ሥር እስክሪብቶዋን አንስታ ትንሽ አሰበችና፣ “ቀሪው በመዶሻ ተከፍሏል” ብላ ጻፈች።