ጎፈሬያም ፍሬ

ደብዳቤው ከዳላስ ገንዳ ውሃ የደረሰው በሚያዝያ ሐሩር ነው። ጸሐፊው የገንዳ ውሃ ልጅ ነው። ከሰላምታው በፊት ጥፋቱን ያምናል፦ «እትዬ፣ ሰፈሩን ያወዛገበው ነገር የመጣው ከእኔ ኪስ ነው።»

ሰውየው ገናን አገር ቤት ውሎ ሲመለስ ጃኬቱን ለአክስቱ ትቶላቸው ነበር። (ጃኬት ለገንዳ ውሃ ምን እንደሚያደርግ እሱ ይወቀው።) ከኪሱ አንድ ፍሬ ወጣ፤ መጠኑ የበደኖ፣ መልኩ ቡናማ፣ አናቱ ላይ ዳር ዳሩ የተንጨፈረረ ቆብ የደፋ። ልጆች «በደኖ ነው» ብለው አንዱ ሊመጠው ሞከረ፤ እንደ ሬት መረረው። አንድ ሽማግሌ ያልደረሰ ጎንጎሌዝ ነው አሉ። አንድ የሰሊጥ ደላላ ደግሞ የካፖርት ቁልፍ ነው ብሎ ተወራረደ። በትክክል የጠራው ከገላባት የተሻገረ ሱዳናዊ ነጋዴ ነው፤ ገና ሲያየው «በሉጥ!» አለ።

የዳላሱ ሰው የተላከለትን ፎቶ አይቶ ለነጋዴው ፈርዶለታል። ስሙ ዐረብኛ ነው፤ ስፔኖችም ፍሬውን «ቤዮታ» የሚሉት ከዐረቦች ወስደው ነው። ዛፉ በአማርኛ ባሉጥ ይባላል፤ ከ400 በላይ ዓይነት አለው፤ ከሰሃራ በታች ግን አንዱም በተፈጥሮው አልበቀለም። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የመምሬን ባሉጥ «የአድባር ዛፍ» ብሎ አልፎታል። ብልህ መላ ነው፤ አንባቢው ዛፉን ባያውቀውም አድባርን ያውቃል።

ቡሽንም ያውቃል። የወይን ጠርሙስ ቡሽ የአንድ ባሉጥ ቅርፊት ነው። ፖርቱጋሎች በየ9 ዓመቱ ይልጡታል፤ የመተማ ሰው የዕጣን ዛፉን እያቆሰለ ሙጫውን እንደሚለቅም ማለት ነው።

ከ400ው የትኛው ነው ለሚለው ዳኛው ቆቡ ነው። የብዙዎቹ ቆብ ጠርዙ ሙልጭ ያለ ነው። የዚህኛው ግን ፍሬውን እስከ ወገቡና ከዚያም በላይ ይውጠዋል፤ ጠርዙም እንዳልተበጠረ ጎፈሬ ይቆማል። ኩዌርከስ ማክሮካርፓ ነው፤ «ማክሮካርፓ» ማለትም ባለ ትልቅ ፍሬ። ቴክሳስ ውስጥ ፍሬው 5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ልጁን ያስመረረው ታኒን ነው፤ ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉበት።

አክስቱ ግን ስሙን አልጠበቁም። ፍሬውን በተቆረጠ ጀሪካን ተክለው ጠዋት ማታ ያጠጡታል። የደብዳቤው ግማሽ ልመና የሆነውም ስለዚህ ነው፦ «እትዬ፣ ውሃውን ለእንስራዎ ያቆዩት።» ሰሊጥ ደርቆ ዝናብ ይጠብቃል፤ ይህ ፍሬ ግን ከደረቀ ሞተ። የወደቀው በመስከረም ነው፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ኪስ ውስጥ ከርሟል። ፎቶው ላይ ጎኑ ክብ ቀዳዳ አለው፤ የባሉጥ ነቀዝ ትል በልቶ ሲጠግብ የሚወጣበት በር ነው። «ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ዘር ይዤ ድንበር መሻገሬን ደግሞ ለማንም አያውሩብኝ» ይላል።

ሰውየው ራሱን ከጀምስ ብሩስ ጋር አወዳድሮ ያዝናል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1772 ከጎንደር ወደ ሱዳን ሲወርድ በዚሁ ቆላ ተቅማጥ ያዘውና ዋጊኖስ በተባለ ዛፍ ዳነ። ዘሩን አውሮፓ አደረሰ፤ ዛፉም በሳይንስ «ብሩሴያ» ተብሎ ስሙን ወረሰ። «እሱ ከእኛ ወስዶ ስም አወጣ» ይላል የዳላሱ ሰው፣ «እኔ ለእናንተ አምጥቼ የካፖርት ቁልፍ ተባልኩ።»

የአክስቱ መልስ በሳምንቱ በቴሌግራም ደረሰው፦ «ሞተ ያልከው በቀለልህ፤ ዛፉ ሲያድግ መጥተህ ከጥላው ትቀመጣለህ።» አብሮ በተላከው ፎቶ ላይ ከጀሪካኑ አፈር ጣታም ቅጠል ያላት ለጋ ቡቃያ ብቅ ብላለች።

ባሚያ ናት።