የፒሳን ማማ በእጅ ስለመደገፍ የቀረበ የመስክ ጥናት

በጣሊያን አገር፣ ፒሳ በምትባል ከተማ፣ የተንጋደደ የደወል ማማ አለ። ቁመቱ 56 ሜትር፣ ክብደቱ 14,500 ቶን ይጠጋል። ስለ ማማው መሐንዲሶች ብዙ ጽፈዋል። ከፊቱ ባለው ሜዳ ላይ ፀሐይና ካፊያ ሳይበግረው እጁን ዘርግቶ ስለሚደግፈው ሕዝብ ግን የረባ ጥናት አላጋጠመንም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉድለት ለመሙላት የቀረበ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ አደጋገፉ። ደጋፊው ከማማው በደንብ ርቆ ይቆማል። ሁለት መዳፉን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። ማማውን አያይም፤ ዓይኑ ያለው ስልክ የያዘው ሰው ላይ ነው። ትክክልም ነው፤ ምክንያቱም የቅርቡ መዳፍና የሩቁ እምነ በረድ የሚገጣጠሙት ካሜራው ካለባት ከዚያች አንዲት ነጥብ ሲታዩ ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ላለ ሰው ሜዳው አየር በሚገፋ ሕዝብ የተሞላ ነው። እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ስፖርት ሲሠራ አሠልጣኙ ጥሎት የጠፋ ቡድን ይመስላል። ማንም በማንም አይስቅም፤ ሁሉም ተራው እንደሚደርስ ያውቃል።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ባልና ሚስት ከሆኑ አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ያዛል።

«ከፍ አድርጊው… በዛ! ዝቅ… አሁን የያዝሽው ሰማዩን ነው።»

«ኧረ ክንዴ ዛለ!»

«ትንሽ ቻይ፣ ሰውዬው ይለፍ።»

ሰውዬው ግን አያልፍም። እሱም እየደገፈ ነው።

ደጋፊዎችን በዓይነት መለየት ይቻላል። አብዛኛው በሁለት እጁ የሚደግፈው ነው፤ ታማኝ ሠራተኛ ነው፣ ብዙም የሚባልለት የለም። በአንድ ጣቱ የሚደግፈው ጉረኛ ነው። በጀርባው የሚደግፈው እግረ መንገዱን ያርፋል። በእርግጫ የሚደግፍም አለ፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ሚዛኑን ስቶ ሣሩ ላይ ስለሚወድቅ ድጋፉ ይቋረጣል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ማማውን ለመጣል የሚገፋ ጥቂት ወገን ይገኛል። ዓላማው እስካሁን አልተገለጸልንም።

ፎቶው ወደ ቤተሰብ ሲላክ ምን እንደሚሆንም ተመልክተናል። ሚላን ወይም ፍራንክፈርት የምትኖር ልጅ በቴሌግራም አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ትልካለች። እናት መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አተኩረው ያዩና ይደውላሉ፦ «አንቺ ልጅ፣ ወገብሽን! እዚያ አገር ወንድ የለም እንዴ?» ጥናቱ እስከሚያውቀው ድረስ ፎቶውን በተነሳበት መንፈስ የተረዱት እኚህ ሴት ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ድጋፉ ጠቅሟል ወይ? መልሱ የማማውን ታሪክ ማየት ይጠይቃል። ግንባታው የተጀመረው በ1173 ነው። መሠረቱ 3 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ያረፈውም ልል በሆነ የሸክላና የአሸዋ አፈር ላይ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደረስ ማማው ማዘንበል ጀመረ። በጦርነት ምክንያት ሥራው ለአንድ ክፍለ ዘመን ያህል ቆመ፤ አፈሩም በዚያው ጠጠር አለ። ያ ጦርነት ባይኖር ኖሮ ማማው ሳያልቅ ይወድቅ ነበር ይባላል። ለሕንፃ የሚበጅ ጦርነት ብርቅ ስለሆነ እዚህ ላይ ተመዝግቦ ይለፍ። በ1272 ሥራው ሲቀጥል ግንበኞቹ የላይኞቹን ፎቆች ባዘነበለበት በኩል ረዘም በማድረግ ለማቃናት ሞከሩ። ስለዚህ ማማው ዛሬ ከመዝመሙ በላይ ቆልመም ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ እጁን ያስገባ ሁሉ አባሰው። በ1838 አንድ አርክቴክት የሰመጠው ግርጌ ለሰው እንዲታይ ብሎ ዙሪያውን አስቆፈረ፤ ውኃ ፈለቀ፣ ማማው ይበልጥ ተንጋደደ። በሙሶሊኒ ዘመን፣ በ1934፣ በመሠረቱ 361 ቀዳዳ ተበስቶ ሲሚንቶ ተጋተበት፤ ማማው እንደገና ወደ ደቡብ ሄደ። በ1995 የከርሰ ምድሩን ውኃ በፈሳሽ ናይትሮጅን በረዶ ለማድረግ ሲሞክሩ ማማው መንቀሳቀስ ስለጀመረ ሥራው በጥድፊያ ቆመ።

በእነዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ጉዳት ያላደረሰው ማን ነው? ሜዳው ላይ የቆመው ደጋፊ። ማማውን አልነካውም። ይህ የጥናቱ ቁልፍ ግኝት ነው።

ተቃዋሚዎች ማማውን ለማዳን የተቋቋመውን ኮሚቴ ሥራ ይጠቅሳሉ። በ1989 ፓቪያ ከተማ ውስጥ አንድ ጥንታዊ ማማ ወድቆ አራት ሰው ሲገድል፣ በማግሥቱ ዓመት ጥር ላይ የፒሳው ማማ ለጎብኚ ተዘጋ። በሰሜን በኩል 600 ቶን ያህል እርሳስ ተጫነበት። በመጨረሻም ከሰሜኑ ጎን ሥር 38 ሜትር ኩብ ያህል አፈር በጥቂት በጥቂቱ ተጠርጎ ወጣ፤ ጫፉ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተመለሰ፤ በታኅሣሥ 2001 ተከፈተ። ሥራው መልካም ነው፤ አንክድም። ይሁን እንጂ በእነዚያ አሥራ ሁለት ያህል ዓመታት የተዘጋው ደረጃው እንጂ ሜዳው አልነበረም። ከ45 ሳንቲ ሜትሩ የደጋፊው ድርሻ ስንት እንደሆነ ኮሚቴው አላሰላም።

ንጽጽር ለሚፈልግ፣ የአክሱሙ የኢዛና ሐውልትም ዘንበል ያለ ነው። ከሮም የተመለሰው ጎረቤቱ በ2008 እንደገና ሲተከል መሐንዲሶች ለኢዛናው ሐውልት ለጥንቃቄ መደገፊያ አበጁለት። እጁን የሚዘረጋ በቂ ቱሪስት በወቅቱ ስላልነበረ ይመስለናል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። ብዙ ደጋፊ ፎቶው እንደተነሳ እጁን ድንገት አውርዶ ስልኩን ለማየት ይሮጣል። ከማውረዱ በፊት ቀጣዩ ሰው መያዙን ማረጋገጥ አለበት፤ በተለይ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለምሳ ሲበተን።