አብራሪን የመጣል ጥበብ

ሌሎች አገሮች አንድ የጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ለማፍራት ዓመታት ይደክማሉ፣ ገንዘብ ያፈሳሉ፤ ከዚያ ሰውየውን እስኪያረጅ ድረስ አይለቁትም። ስስት ነው። ጦሩ ሲያሰናብተው ለድንገተኛ ሕክምና፣ ለእሳት ማጥፊያ፣ ለፖሊስ እያሉ ያንኑ አንድ ሰው ደጋግመው ይሠሩበታል። እኛ ግን እጃችን ሰፊ ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ አንድ ጎበዝ ልጅ መርጠን፣ ቢሾፍቱ አስገብተን፣ በገበሬ ግብር ነዳጅ አቃጥለን፣ ያን ሁሉ ብረት በቀጭን አየር ላይ ማቆም አስተምረን፣ ልክ ሥራው እጁ ሲገባ «በል እግዜር ይከተልህ» ብለን እንሸኘዋለን። ካናዳ ይሁን ኩዌት ራሱ ይወቀው። አሠልጥኖ ለባዕድ መስጠት ቸርነት ነው፤ የእኛ ከዚያም ያልፋል። ባዕዱም እንዳይቀበለው አድርገን ነው የምንሰጠው።

ድሮ እንዲህ አልነበርንም፤ ገና አልሠለጠንንም ነበር። በ1927 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ወደ እኛ መጥቶ በአየር ኃይላችን አገልግሏል። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከነጻነት በኋላ አሥር ዓመት ያህል አብራሪዎቻችንን አሠልጥኗል። ያን ጊዜ ሥራ ፈላጊ አብራሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ሻንጣው አሁንም አለ፤ አቅጣጫው ነው የተቀየረው።

ጥበባችን ሞልቶ የፈሰሰው በ1983 ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን ወጡ፤ በሳምንቱ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ፤ በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው አየር ኃይል ባለቤት አጣ። ከአብራሪዎቹ አንዳንዱ ያገኘውን አስነስቶ ጅቡቲ ገባ። የቀረው «የደርግ ወታደር» የሚል አንድ ስም ተሰጥቶት ከእግረኛው ጋር ተበተነ። የጥይት ሣጥን ሲሸከም የኖረውና ኤም አይ 24 ይዞ በተራራ መካከል ሲሽሎከሎክ የኖረው በአንድ መዝገብ ላይ እኩል ሆኑ። እንዲህ ያለ እኩልነት አብዮቱ ራሱ አላመጣም። ከዚያ በዋሽንግተን የታክሲ ሰልፍ ላይ መሪ ጨብጦ፣ በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት እየቆረጠ የሚገኝ የቀድሞ አብራሪ ብርቅ መሆኑ ቀረ። የአገሩ ልጅ ሲያገኘው «ምን ችግር አለው፣ ሥራ ክቡር ነው» ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ሥራው ክቡር ነው። ያልከበረው ሌላ ነገር ነው።

ሰባት ዓመት አለፈ። በግንቦት 1990 በባድመ ጦርነት ሲነሣ «የደርግ ወታደር» የሚለው ስም በአንድ ጀምበር «ልምድ ያለው አብራሪ» ወደሚል ተቀየረ። ከቤቱም፣ ከእስር ቤትም ተጠራ። የተጠሩትም ቂም ሳይቆጥሩ መጡ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ቀድሞ በሻዕቢያ እጅ ወድቆ የነበረ የሚግ አብራሪ ነው፤ ያው ሰው በ1990 አስመራ ላይ ተመትቶ ዳግመኛ ተማረከ፤ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በዚያ ሰሞን «ማኅተሙ ደብዝዟል» ያለ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ያለ፣ «የስንብት ወረቀትህን በሦስት ኮፒ አምጣ» ያለ ቢሮ መኖሩን አልሰማሁም። ቢሮዎቻችን እሳት ሲነድ እንዴት ፈጣን እንደሆኑ ይደንቃል። በዚያው ጦርነት ከሩሲያ የተገዙት ሱኮይ 27 ጀቶች ከነባለሙያዎቻቸው መጡ። የራስን ባለሙያ በነጻ በትኖ የሰውን በዶላር መግዛት፣ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤቶቻችን ሊያጠኑት ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ ከነሄሊኮፕተሩ የወጡም አሉ። በ1997 ሁለት አብራሪዎች ጅቡቲ አረፉ፤ ጅቡቲ መልሳ አስረከበቻቸው። በታኅሣሥ 2007 ደግሞ አንድ የውጊያ ሄሊኮፕተር ከነሠራተኞቹ ኤርትራ ገባ። የእነሱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚህ የማወራው ዕቃውን በሥርዓት አስረክቦ፣ ፈርሞ፣ በሰላም ስለወጣው ሰው ነው። እሱ ነው አበሳ የሚያየው።

እንበል አንድ የሞጣ ልጅ፣ ኤም አይ 17 ላይ ወጣትነቱን የጨረሰ፣ ተሰናበተ። ስም አልሰጠውም፤ ብሰጠው ብዙ ሰው «የእኔ ነው» ይላል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስንት ሰዓት እንደበረረ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። «የበረራ ሰዓት ወታደራዊ ምስጢር ነው» ይባላል። ጨዋ የጨዋ ልጅ ነውና ምስጢሩን ይጠብቃል። አንድ ቀን የውጭ ቀጣሪ ይደውልለታል። ስንት ሰዓት በረርህ? ምስጢር ነው። በምን ዓይነት ሄሊኮፕተር? ምስጢር ነው። የት የት? እሱማ ዋናው ምስጢር ነው። ቀጣሪው ስልኩን ይዘጋል፤ አገር ከነምስጢሯ ትተርፋለች። ሄሊኮፕተሩን ግን በየሰልፉ ቀን በቴሌቪዥን ሕፃን አዋቂው እያየ ይቆጥረዋል።

ቀጣሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። በኅዳር 1937 ቺካጎ ላይ የተፈረመው፣ አገራችንም የፈረመችው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በሦስተኛው አንቀጹ የጦር፣ የጉምሩክና የፖሊስ አውሮፕላኖች አይመለከቱኝም ይላል። ስለዚህ የወታደር የበረራ ሰዓት ቢቆለል ቢቆለል ብቻውን የሲቪል ፈቃድ አይሆንም። ፈተና መቀመጥ፣ የሕክምና ምርመራ ማለፍ፣ በራዲዮ የሚናገረው እንግሊዝኛ ቢያንስ ደረጃ 4 መሆኑን ማስመስከር አለበት። አሜሪካ ሠራሽ ሄሊኮፕተር ላይ ልውጣ ካለ እግሩም እንደ አዲስ ይማራል፤ የሩሲያው ላይኛ ክንፍ ከላይ ለሚያየው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፣ የአሜሪካው በተቃራኒው፤ ኃይል ሲጨምር ቀኝ ፔዳል መርገጥ የለመደ እግር ግራውን ይርገጥ ይባላል። ይህ ሁሉ በሥልጠና የሚፈታ ነገር ነው። አሜሪካና ብሪታኒያ ወታደሮቻቸው ወደ ሲቪል ፈቃድ የሚሻገሩበትን መንገድ በደንብ አበጅተውላቸዋል። እኛ እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ አንገባም፤ አርቆ ማሰብ ይበቃናል።

(በዚያው በ1937፣ በቢቸና ምድር ጣሊያንን መቆሚያ ያሳጣውን በላይ ዘለቀን አዲስ አበባ ላይ ሰቅለናል። ባለሙያን ሥራው ሲያልቅ የማሰናበት ባህላችን ከቺካጎው ስምምነት ጋር እኩያ ነው ማለት ነው።)

ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። የዲማ የቅኔ ተማሪ ጎንደር ተሻግሮ ቢሄድ ማኅተም የሚጠይቀው የለም። «ከማን ተማርህ?» ይባላል፤ የየኔታን ስም ይጠራል። «በል ተቀኝ» ይባላል፤ ይቀኛል፤ አለቀ። ቁራሽ ለምኖ ያስተማረው ጉባኤ ይመሰክርለታል። ማተሚያ ቤትም፣ ማኅተምም፣ የሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያም ያለው ግን መመስከር ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ደላላ ይደርሳል፤ ደላላ መቼም አይዘገይም። «ካናዳ በሦስት ወር፣ አንተ ፓይለት አይደለህ እንዴ!» ይላል። ቢቸና ያሉ ዘመዶች በሬ ይሸጣሉ። እናት «ልጄ ሰማይ ላይ የሚሠራ፣ ምድር ላይ እንዴት ሥራ ያጣል?» ትላለች፤ መልስ የሚሰጣት የለም። ካናዳው ሲዘገይ ሌላ ስልክ ከሌላ በረሃ ይደወላል፦ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ አገሩን አትጠይቅ፣ ማን ላይ እንደሆነ አትጠይቅ። ይኸኛው ቀጣሪ ብቻ ነው ወረቀት የማይፈልገው። እኛም ይኼን ጊዜ «ቅጥረኛ ሆነ!» ብለን የምንጮህበት ወግ ያለው ቁጣ አለን።

በጥቅምት 2015 የብሪታኒያ መከላከያ ሚኒስቴር እስከ 30 የሚደርሱ የቀድሞ አብራሪዎቼን ቻይና በከባድ ደመወዝ አባበለችብኝ ብሎ በአደባባይ አስጠንቅቆ ነበር። ሕጉን አጠብቃለሁ፣ እከሳለሁ እያለ ተጨነቀ። ምን ያስጨንቃል? በ30 ሰው! እኛ የሄደውን ቆጥረን አናውቅም፤ የማይቆጠር ነገር ደግሞ ጎደለ አይባልም።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን የጎረቤት ሰማይ ነው። በየካቲት 2002 የተባበሩት መንግሥታት ለዳርፉር ሄሊኮፕተር ሲለምን ሰጪ ጠፍቶ፣ አምስት የውጊያ ሄሊኮፕተር ይዛ ኒያላ የደረሰችው ኢትዮጵያ ነበረች። ያን ጊዜ አብራሪዎቻችን ለዓለም በቂ ነበሩ። የዳርፉሩ አብራሪ ነገ ተሰናብቶ ለዚያው ድርጅት ሄሊኮፕተር ለሚያከራይ ኩባንያ ቢያመለክት «አፍሪካ ላይ የሠራህበት ማስረጃ አለህ?» ይባላል። ደቡብ ሱዳንም ውስጥ፣ ጁባና ቤንቲዩ እህልና ሰው የሚያመላልሱትን ኤም አይ 8ዎች ሲያበርሩ የኖሩት ሩሲያውያንና የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፤ በታኅሣሥ 2005 ጆንግሌይ ላይ፣ በነሐሴ 2006 ቤንቲዩ አጠገብ ተመትተው የሞቱትም ሩሲያውያን ነበሩ። ከጎረቤት ቤት ድረስ ከሳይቤሪያ ሰው ይመጣል፤ የሞጣው ልጅ ካናዳን ያስባል። በ2012 እና በ2013 አንበጣ ሲወርረን እኛም ራሳችን ሄሊኮፕተር ከነአብራሪው ከውጭ በኪራይ ስናስመጣ፣ የራሳችን ሰው ቦሌ ላይ ራይድ እየነዳ ዜናውን በራዲዮ ይሰማ ነበር ብል ማን ይከራከረኛል?

«አገር ውስጥ ሥራ ቢፈጠርለትስ?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ምን ሊሠራ? ሞጣና ቢቸና ከሰማይ የሚመጣውን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል። ጣሊያን ቦምብ አውርዶባቸዋል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብለው ሲነሡ የገዛ ንጉሣቸው አየር ኃይልም ጎብኝቷቸዋል። ለጥይት ጊዜ ሰማዩ ክፍት ነው፤ ነዳጁም አለ፣ አብራሪውም አለ፣ ትእዛዙም በሰዓቱ ይደርሳል። ምጥ የጠናባት ሴት ግን ከዓባይ በረሃ በቃሬዛ ትውጣ። እዚያው ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ፋሲል ካሠራው በኋላ በጣሊያን ጊዜ ተሰብሮ ሰው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተተ ሲሻገርበት ኖሯል፤ ገመድ የለመደ ሕዝብ ሄሊኮፕተር ቢያይ ይባልግ ይሆናል። ጮቄ ላይ፣ አራት ሺህ ሜትር አካባቢ፣ ሞተሩ ትንፋሽ እያጠረው ማሳረፍ የሚችል ሰው ግን አለን። ለዚህ ሥራ በጣም የሚመች ስለሆነ ነው ያሰናበትነው።

እንግዲህ ለሚመለከተው ክፍል አንድ ልመና አለኝ፤ የሽሙጡን ጨው ትቼ በቀጥታ ልናገር። አብራሪውን ማስቀረት ካልፈለጋችሁ አታስቀሩት። ሥራ መስጠት ካልቻላችሁም ግድ የለም። ነገር ግን የበረረበትን ሰዓት፣ የበረረበትን ዓይነት ጽፋችሁ፣ ቀን አድርጋችሁ፣ ማኅተም መትታችሁ በተሰናበተበት ዕለት እጁ ላይ ስጡት። ለሲቪል ፈቃድ ፈተናውም ሳይወጣ በፊት እዚሁ ይቀመጥ። አንድ ገጽ ወረቀትና ጥቂት ወራት ነው የተጠየቃችሁት፤ ለሥልጠናው ካወጣችሁት ላይ የአንድ ቀን ነዳጅ አይሞላም።