አማቴ ፍሬን ሲይዙ

ደብረ ታቦር ላይ ፍሬን የሌለው ሞተር ይዞ መኖር ይቻላል፤ የማይቻለው ከደብረ ታቦር መውረድ ነው። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወረታ ደግሞ ከ900 ሜትር ያህል ቁልቁለት በኋላ ሜዳው ላይ ትጠብቃለች። ቤንዚን ለመቆጠብ «ፎሌ» አድርገው የሚወርዱ ጀግኖች አሉን። እኔ ከእነሱ አይደለሁም።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ 7 ቶን የሚጠጋውን ብረት ገደሉ ላይ የያዘው ጠፍርና የሰው ክንድ ነበር። ለእኔ ሞተር ግን አንድ ክንድ ይበቃል። ሚስቴ ገበያ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸውና የተገኘው ክንድ የአማቴ ሆነ።

የፊቱ ፍሬን ሲጨበጥ እጀታው መሪው ድረስ ይገባ ጀምሮ ነበር። ካሊፐሩን ፈታሁ፤ ፒስቶኑን አወጣሁ፤ የደረቁትን ጎሚኒዎች በአዲስ ቀየርኩ። አሮጌው ዘይት አተላ መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ የኛን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። አዲስ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ሲገባበት ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ፈልቶ እንፋሎት ከሆነ፣ ቁልቁለቱ መሀል የምትጨብጠው ባዶ ነው።

«አረቄ ብንጨምርበትስ? እሱ አይበላሽም» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ አረቄ ፍሬን ያስለቅቃል እንጂ አያስይዝም።»

ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል፤ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ከፋርማሲ የገዛሁትን የግሉኮስ ቱቦ አየር ማስወጫዋ ብሎን ላይ ሰካሁ፤ ሌላውን ጫፉን አዲስ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩ፤ 8 ቁልፍ ያዝኩ። ሥራው አጭር ትእዛዝ ይወዳል፦ ጨብጥ! ያዝ! ብሎኗ ተፈትታ አየሩ ይወጣል፤ ትጠብቃለች፤ ልቀቅ! አማትን ግን ማን «ያዝ» ይላል? «እማማ፣ እስቲ ይጨብጡልኝ፤ አዎ፣ እንዲያው እንደያዙ ይቆዩልኝ፤ አደራ እንዳይለቁት» ብዬ እስክጨርስ ብሎኗን መፍታቱን እረሳዋለሁ።

እንደምንም ተግባባን። አረፋው ተራ በተራ በቱቦው መውጣት ጀመረ። ይኼኔ አንድ መንገደኛ በአጥር ላይ «እንደምን ዋሉ?» አለ። አማቴ በአንድ እጅ ሰላምታ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። እጀታውን ለቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጉና ዝናብ ጠየቁ። ብሎኗ እንደተፈታች ነው። ቱቦው ውስጥ ያለችው አረፋ ቆመች፣ አመነታች፣ ከዚያ ወደ መጣችበት ተመልሳ ገባች።

እንደገና ጀመርን፤ መንገዱ ግን ሰው አያጣም። ሲመሽ የዘይት ማጠራቀሚያው ከሁሉ በላይ እንዲሆን መሪውን አስተካክዬ፣ እጀታውን ጨብጬ በጎማ ቁራጭ ጠፍሬው ገባሁ። የቀረችው አየር ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች፤ ሌሊት ደግሞ ሰላም የሚል የለም።

ጠዋት እጀታው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። ግቢው ውስጥ ደጋግሜ ነድቼ አቆምኩት፤ ያዘ። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ «እማማ፣ ይውጡ፣ ላድርስዎ» አልኩ።

«ፍሬኑን ማን ሠራው?»

«እርስዎና እኔ ነና!»

«እንግዲያስ በባጃጅ እሄዳለሁ።»