አስፋልት የማይበግረው መኪና

ቦሌ መንገድ ዳር ቆም ብሎ የመኪናውን ሰልፍ ለታዘበ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ወንዝ ተሻግሮ ቢሮ የሚገባው ሰው የበዛ ይመስለዋል። ሃይሉክሱ ከፍ ብሏል፣ ላንድክሩዘሩ ከፍ ብሏል፣ ትንሿ ጂምኒ እንኳ አልቀረችም። መንገዱ ደግሞ በኮሪደር ልማት ተለስልሶ፣ ያለው ፈተና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ብቻ ነው።

ገንዘቡ የራሱ ነውና ከፍ ማድረጉን አልቃወምም። የሚያስቀኝ አደራረጉ ነው። ባለመኪናው ጋራዥ ይገባና “10 ሳንቲም ከፍ አድርግልኝ” ይላል። መካኒኩ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ጥያቄ ገበያ ያበላሻል። የፊቱ ሞላ ይቀየራል፣ የኋላው ባሌስትራ ይደረባል፣ ጎማው ግን ያው የድሮው ነው። መኪናዋ ሱሪዋን ሰብስባ ጭቃ ልትሻገር የተዘጋጀች መስላ ትወጣለች። ባለቤቷ ጎንበስ ብሎ ከሥር ቢያያት ኖሮ፣ የኋላው ዲፈረንሻል ትናንት በነበረበት ከፍታ ላይ፣ ንቅንቅ ሳይል ያገኘው ነበር። ሞላና ባሌስትራ የሚያነሱት ሻንሲውንና ቦዲውን ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነው፤ አክስሉን ከመሬት የሚያርቀው ደግሞ ጎማው ብቻ ነው። ገጠር መንገድ መሀል የተቀመጠው ድንጋይም የሚጠብቀው ዲፈረንሻሉን ነው፤ ከቦዲው ጋር ጠብ የለውም።

ጎማውም ቢሆን ቸር አይደለም። ከ265/65 አር 17 ወደ 285/70 አር 17 የተሻገረ ሰው ቁመቱ 5 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል የጨመረ ጎማ ይገዛል፤ ዲፈረንሻሉ የሚደርሰው የዚያ ግማሽ ነው። ለዚህች ሁለት ጣት የማትሞላ ከፍታ፣ ፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው 85 ላይ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ማርሽ ቀንሱልኝ ይላል። ለዚህ ጎማ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ማንሳትና ትንሽ ፕላስቲክ መከርከም ይበቃ ነበር። 10 ሲሆን የፍሬን ዘይት ቱቦው ይወጠራል፣ ለፊት እግር ኃይል የሚያደርሱት ብረቶች ባልለመዱት ማዕዘን ይሽከረከራሉ፤ ኩርባ ላይ ያለውን መወዛወዝማ ተሳፋሪው ይንገራችሁ።

በሌላው ጽንፍ ሞላ ሳይነካ ትልቁን ጎማ የሚገጥም አለ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሰላም ነው። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ግን ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ ይጮኻል። ጎሚስታው “ግድ የለም፣ ሲሄድ ራሱ ይሞርደዋል” ይላል። ማን ማንን እንደሚሞርድ አያብራራም። ስኮርታውስ? ከሥር የታሰረው የድሮው፣ አጭሩ ነው።

ኤርታ አሌ ድረስ ቱሪስት የሚያመላልሱት ሾፌሮች እንዲህ ያለ ጣጣ የላቸውም። አሸዋው ሲጀምር ወርደው የጎማውን ንፋስ ይቀንሳሉ፣ ያልፋሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝኑኝ የባለመኪናው እናት ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ልጅ በሩን ከፍቶ፣ በርጩማ አቅርቦ ይጠብቃል። እናት ነጠላቸውን በአንድ እጅ፣ የበሩን እጀታ በሌላው ይዘው አንድ እግራቸውን ያነሳሉ፤ ይመልሱታል። ከኋላ አንዱ ደግፎ ይገፋል፣ ከውስጥ ሌላው ይስባል። ተቀምጠው ትንፋሻቸው ሲመለስ “እንደው ልጄ፣ በአይሱዙ ብጫን አይሻለኝም ነበር?” ይላሉ።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ ያው መኪና፣ ፖርቶመጋላውን እንደተሸከመ፣ አንድ የገበያ ማዕከል ምድር ቤት ለመቆም ይመጣል። መግቢያው ላይ “2 ሜትር” የሚል ብረት ተንጠልጥሏል። ጥበቃው እጁን ያነሳል።

“አለቃ፣ አይገባም።”

“እንዴት አይገባም? ይሄ መኪና እኮ ተራራ ይወጣል!”

“ይውጣ አለቃ። እዚህ ግን መውረድ ነው።”